ጾም የማያውቀው ቀመር

አንድ የሒሳብ ሰው ነበረ። በአንድ ሆስፒታል ስድስት ዓመት የስኳር ሕመምተኞችን ደም ሲከታተል ኖሮ፣ ምግብ ስኳሩን ምን ያህል ከፍ እንደሚያደርገው፣ ኢንሱሊንም ምን ያህል እንደሚያወርደው በቀመር ጻፈ። ቀመሩ ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ የጠዋት መርፌውን ልክ ይናገር ነበር። አለቃው ግን ሥራውን በራሱ ስም አወጣና ሰውየውን ካርድ ክፍል ወረወረው። እዚያ አቧራ እየቃመ፣ ቂሙን እያመነዠከ ተቀመጠ።

ሁዳዴ በገባ በሳምንቱ ካርዶቹን ሲያገላብጥ የብዙዎቹ ስኳር ረፋዱ ላይ ቁልቁል ሲወርድ አየ። ወዲያው ገባው። ቀመሩ ሰው ሁሉ ጠዋት ቁርስ ይበላል ብሎ ነው የሚያሰላው፤ እነዚህ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም።

መጀመሪያ ደስ አለው። «ይውደቅ! የሌባ ሥራ ነው» አለ። ካርዶቹን ቦታቸው መለሰ። ተቀመጠ፤ ተነሣ፤ መስኮቱን ከፈተ፤ መልሶ ዘጋው። ከግድግዳው ማዶ ነርሷ አንዲት የገጠር እናት ስታናግር ይሰማዋል።

«እማማ፣ ቁርስ በልተዋል?»

«በልቻለሁ፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ክንድዎን ይስጡኝ።»

ሰውየው በሩን በርግዶ ገባ። «እማማ፣ በእመብርሃን፣ እውነቱን ይንገሩኝ፤ እህል ቀምሰዋል?»

ሴትዮዋ አፈሩ። «ምነው ልጄ፣ በሁዳዴ? በልቻለሁ ካላሉት እኮ ሐኪም ይቆጣል!»

«መርፌውን መልሺው» አላት ነርሷን። «ቀመሩ ጾም አያውቅም።»

አለቃው ጫጫታውን ሰምቶ መጣ። ተራ የሚጠብቁት ሕመምተኞች ሲያጉረመርሙ ባየ ጊዜ ፊቱ ጠቆረ፤ ጣቱንም ወደ ሰውየው ቀሰረ። «ቀመሩን የሠራው እሱ ነው!» አለ።

ሰውየው ያችን ቃል ስንት ዓመት ሲጠብቃት ኖሯል።

«አዎ፣ የእኔ ነው» አለ። «ጾሙን የረሳሁትም እኔ ነኝ።» ካርዶቹን አምጥቶም ማረም ጀመረ።

ልጄ፣ አንተም የነደፍኸው ድልድይ በአለቃህ ስም መሠራቱን፣ ምሰሶውም ላይ ስንጥቅ ማየትህን ነግረኸኝ፣ «ዝም ብል ምን አለብኝ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። የነጠቀህን ሰው መጥላት ከፈለግህ ጥላው፤ እኔም አልፈርድብህም። ድልድዩ የእኔ ነው ካልህ ግን ስንጥቁም የአንተ ነው። ነገ ገበያተኛው አህያውን እየነዳ በዚያ ያልፋል፤ አለቃህ አያልፍም። ተነሥና ሂድ።