በኋላ ማርሽ የወጣችው መኪና

አንዲት አሮጌ መኪና ያለችው አንድ ሰው ነበረ። «ወደ ኋላ መመለስ ውርደት አይደለም ወይ?» ላልከኝ መልሱ ከዚህ ሰው ዘንድ አለና ስማኝ፣ ልጄ።

ሰውየው ጡረታ ሲወጣ መኪናዋ ውስጥ አልጋና ምድጃ አስገጠመና ተንቀሳቃሽ ቤት አደረጋት። ጉልበቷ ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዳገት ላይ የተጫነ አህያ ይቀድማት ነበር!

ሚስቱ ከተራሮቹ ማዶ ያለችውን እኅቷን ካየቻት ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። እኅቲቱ ልጇን ስትድር ሰውየው፣ «ሙሽሪት ከቤት ሳትወጣ አደርስሻለሁ!» ብሎ ማለላት። በጠዋት ተነሡ። መኪናዋ የመጀመሪያውን ተራራ በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣችው። ሁለተኛውንም ደገመችው። ሰውየው ደስታው አላስችል ብሎት መሪውን እየደበደበ ዘፈነ።

የሦስተኛው ተራራ ጫፍ አንድ ጥምዝ ሲቀረው ግን እንቢ አለች። ሦስት ጊዜ ሞከረ፤ ሦስቴም ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሚስቱ እየሮጠች ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ ታደርጋለች። ፀሐይዋ ወደ እኩለ ቀን እየገሰገሰች ነው። ከኋላቸው የደረሰ የጭነት መኪና ሾፌር ወረደና፣ «ጋሼ፣ ያዙሯትና በኋላ ማርሽ ይውጡ። ከማርሾቿ ሁሉ ጉልበታሙ እሱ ነው» አለው።

«ለተራራው ጀርባዬን ሰጥቼ? በዚህ ዕድሜዬ የሰው መሳቂያ ልሁን?»

ሚስቱ ድንጋዩን እንዳቀፈች፣ «እኔ እኅቴን ልያት እንጂ በፊት ማርሽ ወጣሽ ወይስ በኋላ ማርሽ ብሎ ማን ይጠይቀኛል?» አለችው።

ሰውየው መኪናዋን ቀስ አድርጎ ቁልቁል ለቀቃትና መንገዱ ሰፋ ካለበት ላይ አዞራት። ሚስቱ ከበላይ ሆና፣ «ወደ ግራ! ቀጥ በል! አይዞህ፣ ና!» ትላለች። የሚያልፈው መንገደኛ ሁሉ ሆዱን ይዞ ይስቃል። መኪናዋ አጓራች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ወጣች! ከጫፉ ላይ ሲደርሱ የሠርጉ ከበሮ ከታች ተሰማቸው። ሚስቱ እልልታዋን ከዚያው ጀመረች።

አንተም እንዲሁ ነህ፣ ልጄ። ንባብህ ሳይጠና ቅኔ ቤት ገባህ፤ ቅኔውም ዳገት ሆነብህ። ዳዊቱን ከልጆቹ ጋር እንደገና ጀምር ብልህ ሳቃቸውን ፈራህ። ይሳቁ! የዚያች መኪና ፊቷ የዞረው ወደ መጣችበት ነበር፤ የደረሰችው ግን ከተራራው ራስ ላይ ነው።

በል ዳዊትህን ያዝ። ልጆቹ ንባብ ጀምረዋል።