መሪው ላይ የታሰረው ገመድ

አንድ መካኒክ ነበር፤ እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁም የሚቀድም። የወረዳው የንግድ ፈቃድ ኃላፊ አቶ ዘርጋው መኪናቸውን አመጡለት። መሪውን ከጎማዎቹ ጋር የሚያያይዘውን መጋጠሚያ ከመፍታቱ በፊት፣ መሪው እንዳይዞር ከወንበሩ ጋር በገመድ ጠፍሮ አሰረውና መኪናው ስር ገባ።

አቶ ዘርጋው መጠበቅ አይወዱም። መኪናቸው ውስጥ ገብተው ገመዱን ሲያዩ፣ «የኔን መኪና እንደ ገበያ በግ ያስራል እንዴ!» ብለው አጉረመረሙና ፈቱት። መሪውንም ወዲያ ወዲህ አሽከረከሩት።

መካኒኩ ይህን ሳያይ መጋጠሚያውን ገጥሞ ወጣ። ለሙከራ ሲነዱት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ መሪው ግን ወደ ግራ ተጣሟል።

«ፈትቼ ላስተካክለው፤ ብዙም አይፈጅም» ቢላቸው፣ አቶ ዘርጋው ሰው ሁሉ እየሰማ ጮኹበት።

«መጀመሪያ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ተናገር! አንተ ከሆንክ ሙያ የለህምና ጋራዥህን አሽጋለሁ። እኔን ጥፋተኛ ካልክም ባለሥልጣን ደፍረሃልና አሽጋለሁ።»

መካኒኩ ወንበሩ ላይ የተጣለውን ገመድ አየት አደረገና እጁን በጨርቅ እየጠረገ መለሰ።

«ጥፋቱስ የኔ ነው፣ ጌታዬ። ማሰር የነበረብኝ መሪውን ሳይሆን እጅዎን ነበር።»