ምናልባት የተኛበት አልጋ

አንድ ልብስ ሰፊ ነበር፤ መኳንንት የሚባል። ሰኞ አንዱ ገበያ፣ ረቡዕ ሌላው፣ ቅዳሜ ደግሞ ሌላው ጋ እየዞረ የገበሬውን ሱሪና የሙሽራውን ኮት ይሰፋል። እጁ የተባረከ ነው፤ ልቡ ግን ስጉ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያየ ጃንጥላ ይዞ ይወጣል። ጨርቅ ሲቆርጥም ለትርፍ ሁለት ጣት ሳይተው መቀስ አያነሳም። "ሰው ይወፍራል፣ ጨርቅ ውሃ ሲነካው ያጥራል፤ ትርፍ ያልተወ ሰፊ ኋላ ያለቅሳል" ብለው ሙያውን ያስተማሩት ሰውዬ እውነታቸውን ነበር። ለጨርቅ ማለቴ ነው።

ሚስቱ ዘውድነሽ ሳምንቱን ሙሉ ብቻዋን ስትገፋ ከርማ ከርማ አንድ ቀን መረራት። "ስማኝ መኳንንት፣ እኔ ያገባሁት አንተን እንጂ የቤትህን በር አይደለም። ወይ አብረን እንዙር፣ ወይ ወንድሜ ቤት እገባለሁ" አለችው። መኳንንት ክው አለ። ዘውድነሽ ደግሞ ያለችውን የማታጥፍ ሴት ናት።

ስለዚህ ወንበሮቹ ተነቅለው ያለቁ አሮጌ ሚኒባስ ገዛ። ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ገበያው ዳር አቁሞ ቀን ውስጡ መስፋት፣ ሲመሽ ጎን ለጎን መተኛት። አናጢውን ጋሽ ጫኔን ጠራቸው። እሳቸውም ውስጡን ቃኘት አድርገው "መጀመሪያ አልጋውን አስምርልኝ፤ ሌላው በተረፈው ይገባል" አሉት። መኳንንት ጨርቅ በሚያሰምርበት ጠመኔ ወለሉ ላይ ለሁለት ሰው የሚበቃ አልጋ አሰመረ።

በዚያው ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን አልቀረም።

"ጋሽ ጫኔ፣ ምናልባት የምንሄድበት አገር ውሃ ቢጠፋስ?" አለ። በርሜል ገባ። መስመሩን በመዳፉ አበሰና ወደ ውስጥ ገፋው። በማግስቱ "ምናልባት ጎማው ቢፈነዳስ? ስኮርታውም ቢፈነዳስ?" ብሎ ሁለተኛ ትርፍ ጎማ አመጣ። "ምናልባት የስፌት መኪናው ቢሰበርስ?" ብሎ ሌላ የስፌት መኪና አሸክሞ መጣ። ከሰል በጆንያ፣ ለእንግዳ በርጩማ፣ እንግዳው ሁለት ከሆነ ደግሞ ሌላ በርጩማ። ለእያንዳንዱ ዕቃ እንደ ልማዱ ሁለት ሁለት ጣት ትርፍ ተወለት። የሚኒባስ ቆርቆሮ ግን እንደ ጨርቅ አይለቀቅም። እየታበሰ የሚሄደው የአልጋው መስመር ነበር።

"አንተ ሰው፣ አልጋው ከሳ እኮ!" አሉ ጋሽ ጫኔ መዶሻቸውን አስቀምጠው።

"እንጠጋጋለን ጋሼ። ፍቅር ካለ ቁርበትም ይበቃል።"

"ቁርበቱንስ የት ልታነጥፈው ነው?"

ዘውድነሽ መስቀል ሳያልፍ እንነሳለን ብላለች፤ ቀኑ በቀረበ ቁጥር ስጋቱ ይብሳል። አንድ ነገር ጎድሎባት ጥላኝ ብትሄድስ? እያለ ነበር አንድ ነገር የሚጨምረው። ሞኝ!

የመነሻቸው ቀን ዘውድነሽ ሁለት ትራስ ታቅፋ መጣች። አልጋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። አንዱ ተንሸራቶ በርሜሉ ሥር ወደቀ። አንስታ አራግፋ መለሰችው፤ ደግሞ ወደቀ። ቀና ብላ ዙሪያውን አየች።

"ይኼ በርሜል ምንድን ነው?"

"ምናልባት ውሃ ቢጠፋ ብዬ…"

"ይኼ ሁሉ ጎማስ?"

"ምናልባት መንገድ ላይ…"

"በርጩማዎቹስ?"

"ምናልባት እንግዳ ቢመጣ ብዬ ነው፣ ዘውዴ።"

"የሚመጣው እንግዳ መቀመጫ አለው። እኔስ? እኔ እኮ ምናልባት አይደለሁም፣ መኳንንት። እኔ መጥቻለሁ። ይኸው ቆሜያለሁ!"

እሷም የወደቀውን ትራስ አንስታ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እሱ ግን የፈራውን ራሱ ነው ጎትቶ ያመጣው።

መኳንንት ሚኒባሱ ውስጥ ገብቶ ጋደም ለማለት ሞከረ። አንዱ ትከሻው በርሜሉን ገፋ፣ ሌላው ቆርቆሮውን። ለራሱም ጠቦታል! ዕቃውን አየ፤ አንዱም የጎደለ የለም። የጎደለችው ይኼ ሁሉ የተሰናዳላት ሴት ናት። ጎረቤት እያየው አለቀሰ። ከዚያ ተነስቶ በርሜሉን አወረደ። ጎማውን፣ ጆንያውን፣ በርጩማውን ሲያወርድ እያንዳንዱን አንዴ መልሶ ይጭን ነበር፤ ስጋት እንዲህ በዋዛ አይለቅም። ጠባቡን አልጋ ሳይቀር ሁሉንም አውርዶ ወደ ወንድሟ ቤት ነዳ።

ወንድምየው በር ላይ ቆሞ "ሽማግሌ ሳትይዝ ነው የመጣኸው?" አለው።

"ትራስ ነው ይዤ የመጣሁት" አለ መኳንንት። ከወንድሟ ጀርባ ብቅ ላለችው ለዘውድነሽም "እባክሽ ነይና ሚኒባሱ ወለል ላይ ተኚልኝ። የአገሩን ሰው ሁሉ ልክ ስወስድ ያንቺን ሳልወስድ ኖሬአለሁ" አላት።

እሷም ጫማዋን አውልቃ ገባችና ባዶው ወለል ላይ ተጋደመች። በጠመኔው ከራሷ እስከ እግሯ አሰመረላት። "አንተስ?" አለች። እሱም ከጎኗ ተጋደመ፤ ጠመኔውን ተቀብላ በእሱ በኩል ያለውን መስመር ራሷ አሰመረች። ጋሽ ጫኔ አልጋውን በዚያ ልክ ሠሩት። በተረፈው ቦታ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ጄሪካን ውሃና አንድ ስኮርታ ገባ። የቀረው ቤት ቀረ።

ታዲያ ገና ሁለተኛው ገበያ ሳይደርሱ ጎማው ፈነዳ። ስኮርታውን ገጥመው ብዙም ሳይርቁ እሱም ተነፈሰ። የመኳንንት ፊት አመድ መሰለ። "አላልኩሽም?" ሊል አፉን ከፈተና ተወው። ዘውድነሽ አልጋው ላይ ጠጋ ብላ "ና እንግዲህ፣ የሚረዳን እስኪያልፍ አረፍ በል" አለችው። ያ የተፈራው ምናልባት በእርግጥ መጣ። ሲመጣ ግን ሁለት ሆነው ነው ያገኛቸው።

ወዳጆቼ፣ ለክፉ ቀን ማሰብ ክፉ አይደለም፤ ትርፍ መተውም ብልህነት ነው። ግን ይምጣ ይቅር ለማይታወቅ ነገር ቦታ በለቀቅን ቁጥር፣ የምንቀንሰው አጠገባችን ከቆመው ሰው ላይ ነው። እስቲ እናንተም ዞር በሉና ቤታችሁን እዩት። በርሜሉ ሥር የወደቀው የማን ትራስ ነው?