የወንዱ ቆሮሶ ምሳ

አንድ ጊዜ፣ ጣና ዳር ባለ አንድ የዓሣ ማስፈልፈያ፣ ሠልጣኞች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ማርባት ሲማሩ ሰነበቱ። የማስፈልፈያው ባለቤት ጋሼ ጥሩነህ ስለ ዓሣ ማውራት ከጀመሩ ሰው አፉን ከፍቶ ነው የሚሰማቸው፤ ምን ያደርጋል፣ ቋጣሪ ናቸው። ሠልጣኞቹን «ምሳ በእኔ ነው» ብለው ነበር የጠሯቸው። ምሳው ግን ቀን በቀን እያነሰ ሄዶ፣ እንጀራው የትሪውን አበባ መሸፈን አቃተው። አንድ ቀን ደግሞ ጭራሽ ትሪውም ቀረ።

ከሠልጣኞቹ አንዱ፣ ይታየው፣ ምሳውን ተማምኖ ቁርስ ሳይቀምስ ነበር ከቤቱ የወጣው። ሆዱ ሲጮኽ አጠገቡ ያሉት ሰሙት።

«አንተ ሂድና ንገራቸው» አሉት ጓደኞቹ። «አንተን ይወዱሃል።»

ይታየው አዲስ ገንዳ ሲቆፍር የያዘውን ጭቃ ከእጁ አጥቦ ጋሼ ጥሩነህ ወደቆሙበት ገንዳ ሄደ።

«ጋሼ፣ ምሳችንን የረሱት መሰለኝ።»

«አልረሳሁም» አሉት፣ በጣታቸው ወደ ውኃው እያሳዩት። «ያቺን ሴት ቆሮሶ አየሃት? እንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምትፈለፍለው። ጫጩቶቿ ራሳቸውን እስኪችሉ ድረስ እህል ውኃ አትልም። ለመሆኑ አንድ ቀን ምሳ ቀረብኝ ብላ ደጄን አንኳኩታ ታውቃለች?»

«ኧረ አታውቅም።»

«በል እንግዲህ፣ ዓሣ ማርባት የሚፈልግ ሰው ከእሷ ይማር።»

ከኋላ ጓደኞቹ በሳቅ ፈነዱ። ይታየው ጎንበስ ብሎ ዓሣዋን አየ።

«እውነትዎን ነው፣ ጋሼ። ግን ጠዋት ስለ ወንዱም አስተምረውን ነበር።»

«ወንዱ ደግሞ ምን ሆነ?»

«ወንዱ የውኃውን ወለል ቆፍሮ ጎጆ ያበጃል፤ እንቁላሉን ለእሷ ካስረከበ በኋላ ግን ሥራው መብላት ነው ብለውናል። እኛ ደግሞ ከትምህርቱ በኋላ አዲሱን ገንዳ ስንቆፍርልዎ ነው የዋልነው። ታዲያ ጋሼ፣ ሲያስቆፍሩን በወንዱ ሒሳብ፣ ምሳ ሲደርስ በሴቲቱ ሒሳብ እንዴት ይሆናል?»

ጋሼ ጥሩነህ ገንዳውን አዩ፣ ይታየውን አዩ፣ ከዚያ ወደ ማድቤቱ ዞረው እንጀራ እንዲቀርብ ተጣሩ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ወንዱ ቆሮሶ ማስተማር ትተዋል ይባላል።