የጭቃው ተራራ

«አንድ ገበሬ ነበረ» አሉ ዶክተር እቴነሽ።

ተማሪያቸው ሐመልማል ይህን አልጠበቀችም። የጠየቀቻቸው ስለ ስሌቷ ነበር። ብርሃን ሲነካው በሚነቃ አንድ ፕሮቲን ውስጥ ኤሌክትሮን ከሞለኪውል ወደ ሞለኪውል እየዘለለች ታልፋለች። በየት በኩል እንደምታልፍ ሐመልማል ሦስት ወር በኮምፒውተር ስታሰላ ከርማ «በግራ» የሚል ውጤት አገኘች። በቤተ ሙከራ ሲለካ ግን በቀኝ ሆነ። «አንዲት ቁጥር ትንሽ ብነካ ይገጥምልኛል። ልንካት?» ብላ ነበር የመጣችው።

«ከመንደሩ በላይ ያለው ወንዝ» ብለው ቀጠሉ፣ «ተራራው ሥር ይሰርግና ማንም በማያየው መንገድ ሄዶ ታች በምንጭ ይወጣ ነበር። አንድ ዓመት ምንጩ ነጠፈ። ሰዉ አገር ሊለቅ አህያ መጫን ጀመረ። ገበሬው ግን ጆሮውን መሬት ላይ ሲጥል ውሃው ይሰማዋል፤ የተኛ ሰው ትንፋሽ የመሰለ ድምፅ። የት እንዳለ ግን አያውቅም።

«ስለዚህ ተራራውን ደጁ ላይ በጭቃ ሠራው። ከላይ ውሃ እያፈሰሰ ቁጭ ብሎ ያያል። ፀሐይ ስታርፍበት፣ ውሃው እያብለጨለጨ ሲወርድ፣ ራሱ ተራራው ሆድ ውስጥ የሚሄድ ይመስለው ነበር። ቀኑ ሲመሽ እንኳ አይታወቀውም።

«ውሃው ሁልጊዜ በግራ ወጣ። ‹በግራ ካለው ሾላ ሥር ቆፍሩ› አላቸው ለመንደሩ ሰዎች። ስምንት ቀን ቆፈሩ፤ ደረቅ አለት። በዘጠነኛው ቀን አንዲት ሴት በተራራው ቀኝ በኩል ካለው ገደል ግርጌ እርጥብ አፈር ዘግና መጣች። እዚያም ቢቆፍሩ ውሃ የለም።

«ሚስቱ ‹ጭቃው ላይ በአውራ ጣትህ ወደ ቀኝ ቦይ ክፈትለት፤ ማን ያውቅብሃል?› አለችው። ‹ጭቃው ይታዘዘኛል፤ ተራራው ግን አይታዘዘኝም› አላት። ከዚያ የሠራውን በእግሩ ረግጦ አፈረሰው።

«ገደሉን ሲወጣ ቀድሞ ያላየውን አየ። እሱ ተራራውን በአንድ ዓይነት ጭቃ ነው የሠራው፤ በገደሉ ቀይ አፈር መካከል ግን የአሸዋ ንብርብር ነበረ። አሸዋ ጨምሮ እንደገና ሠራው። ጣቱን ሳያስገባ ውሃው በራሱ ወደ ቀኝ ዞረ፤ የወጣው ግን ሴትዮዋ ካሳየችው ቦታ ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ቆፈሩ። እኩለ ቀን ሳይደርስ እግራቸው ራሰ።»

ዶክተር እቴነሽ ወደ እሷ ዞሩ።

«ቁጥሯን ብትነኪ፣ ልጄ፣ በጣት ቦይ መክፈት ነው። ስሌትሽ ይገጥማል፤ መንገዱን ግን አታውቂውም። አንቺም ፕሮቲኑን በአንድ ጭቃ ሠርተሽዋል። በዙሪያው ያሉትን አተሞች እንዳይንቀሳቀሱ አስረሻቸዋል፤ እነሱ ግን ይወዛወዛሉ፣ ለኤሌክትሮኗ መንገድ የሚከፍቱትም የሚዘጉትም እነሱ ናቸው። ፍቻቸውና እንደ አዲስ ጀምሪ።»

«ሦስት ወር ሙሉ የለፋሁበትን?»

«እሱም ሲረግጠው እያለቀሰ ነበር» አሏት።