አርባ ጉንጭ ውኃ

አንድ ጊዜ አንዲት እርጉዝ አህያ በስጋት ልትሞት ነበር። አምና ያረገዘችው ጨንግፎባታል። ያን ጊዜ እርጥብ ሣር አግኝታ ሆዷ እስኪነፋ ግጣ ነበርና «በሆዳምነቴ ነው ያጣሁት» እያለች ራሷን ስትረግም ከረመች። ዘንድሮ ግን ገና ሆዷ ሳይገፋ መድኃኒት አዋቂዋ እማማ ኤሊ ዘንድ ሄደች።

«ልጄ፣ መላው ቀላል ነው» አሏት እማማ ኤሊ። «በልክ ብዪ፣ በልክ ጠጪ፣ በልክ ሂጂ።»

አህያ ልክ ማለት ቁጥር መሰላት። እንግዲህ አህያ ናት፣ ምን ይደረግ! ቁጥሩንም ራሷ ወሰነች፦ ስልሳ አፍ ሣር፣ አርባ ጉንጭ ውኃ፣ ሦስት መቶ እርምጃ። ከዚያ አንድ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ፅንሱ የሚወርድ ይመስላታል። ቁጥሩ ከጠፋት እንደገና ከአንድ ትጀምራለች። ዝናብ እየወረደባት ሦስት መቶዋን ትረግጣለች። ፅንሱ እየገፋ ሲሄድ ስልሳው አላጠግብ አላት፤ ጎኗ ከሳ፤ እሷ ግን «ስልሳ ስልሳ ነው» ብላ ከለምለም ሣር ላይ አፏን ታነሣለች።

አንድ ቀን ቀበሮ ወንዝ ዳር አያትና «እመት አህያ፣ ምን እያጉተመተምሽ ነው?» አላት።

«ዝም በል! ሠላሳ... ሠላሳ ስንት ነበር? ወይኔ፣ አስጠፋኸኝ!» ብላ እንደገና ከአንድ ጀመረች።

ቀበሮ «አርባ!» ብላ ቀና እስክትል አደመጠና ነገሩ ገባው። በሩጫ ጅብ ዘንድ ሄደ።

«አያ ጅቦ፣ አርባ ጉንጭ ሳትሞላ ከወንዝ ቀና የማትል እርጉዝ አህያ አግኝቼልሃለሁ።»

«የታለች? አሁኑኑ እንሂድ!»

«ቀስ በል! አንተ ወንዙ ዳር ካለው ደንገል ውስጥ ትተኛለህ። እኔ ከማዶ ሆኜ ቁጥር አስጠፋታለሁ። እየደጋገመች ስትጠጣ ሆዷ ይከብዳል፣ መሮጥ ያቅታታል። ያኔ ትዘላለህ። ለእኔ ጉበቷ ብቻ ይበቃኛል።»

«እሺ» አለ ጅብ። በሐሳቡ ግን ጉበቷንም ውጦ ጨርሷል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አህያ ወንዝ ወረደች። አሥራ ስምንት ጉንጭ ስትደርስ ቀበሮ ከማዶ ጮኸ። «እንዴት ዋልሽ? ለመውለድ የቀረሽ ሃያ ቀን ነው ሠላሳ?»

ቁጥሩ ጠፋት። ከአንድ ጀመረች። ሃያ ስድስት ላይ ቀበሮ ደግሞ ጮኸ። ከአንድ ጀመረች። ሆዷ ተወጠረ፣ ትንፋሿ ተቆራረጠ፣ ውኃው እያስጠላት ትውጠዋለች። በሦስተኛው ሠላሳ አራት ስትደርስ የጅብ ሽታ አፍንጫዋን መታው። አያ ጅቦ ለሃጩ አላስችል ብሎት ከተባለው ጊዜ ቀድሞ ከደንገሉ ብቅ ብሏል።

አህያ አየችው። አፏን ግን ከውኃው አላነሣችም። ስድስት ቀርቷታል። «ትቼው ብሮጥና እንደ አምናው ቢሆንብኝስ?» ሠላሳ አምስት። ጅብ ቀረበ። ሠላሳ ስድስት። በዚህ መሐል ፅንሱ ሆዷን በኃይል ረገጣት። ልጇ በሕይወት አለ! ቁጥሩ ሁሉ ከራሷ ብን ብሎ ጠፋና ፈረጠጠች። ጅብ ዘሎ ጅራቷን ያዘ፤ በርግጫ መንጋጋውን ስትለው ግማሹ ጅራት አፉ ውስጥ ቀረ። እሷም እያለከለከች ሰዎች እህል ወደሚወቁበት አውድማ ገባች፤ ጅብም ሰው አይቶ ተመለሰ።

«ጉበቴስ?» አለው ቀበሮ።

ጅብ የአህያዋን ጅራት ማኘኩን ቀጠለ።

አህያ ደሟ እየተንጠባጠበ እማማ ኤሊ ዘንድ ደረሰች። «እማማ፣ አርባውን ሳልጨርስ መጣሁ። ይጨነግፍብኛል?»

«የምን አርባ?»

«በልክ ጠጪ ብለውኝ የለ?»

እማማ ኤሊ ነገሩን ሁሉ ሰምተው ደነገጡ። «ልጄ፣ በልክ አልኩሽ እንጂ ቆጥረሽ መች አልኩሽ? ሲጠማሽ ጠጪ፣ ሲበቃሽ ተዪ። የዛሬ ልክ የነገ ልክ አይደለም። ሆድሽ አይነግርሽም?»

«ሆዴን አላምነውም። እፈራለሁ።»

«ብትፈሪ አይፈረድብሽም። ግን በፍርሃትሽ ልጅሽን እያስራብሽው ነው።»

በሃያኛው ቀን ውርንጭላው ተወለደ። ከስቶ ነበርና ጉልበቱ ቶሎ አልጸናለትም፤ ሲነሣ ሲወድቅ እናቱ በጭንቀት አለቀች። በመጨረሻ ጡቷን ያዘ። አህያ ሳታስበው «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት...» ማለት ጀመረች። ከዚያ ከንፈሯን ነክሳ ፊቷን አዞረች። ውርንጭላው ጠባ፣ ጠባና ሲበቃው ራሱ ተወው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለጤናችን ያወጣነው ደንብ እንደ ቀኑና እንደ ሁኔታው ላላ ሊል እንደሚገባ፣ ያለ ልክ የተያዘ ልክም ራሱ በሽታ እንደሚሆን ነው።