የአካፋዩ ጫማ

የሦስት መንግሥታት ድንበር በሚገጥምበት በዱብሊ ቆላ፣ የገአስ ዘሮች መሬት ሲከፋፈሉ አካፋዩ አስቀድሞ ጫማውን ያወልቅና የሚረግጥበትን ወገን ወደ ላይ ገልብጦ ለሽማግሌዎች ያሳያል። እንግዳ ያየ እንደሆነ ይስቃል፤ የአገሩ ሰው ግን አይስቅም።

እንደሚነገረው፣ ቆላው ገና ድንበር ሳያውቅ ሁመዳ፣ ያሲንና ገአስ የሚባሉ ሦስት ወንድማማቾች ግመሎቻቸውን በአንድነት ያሰማሩ ነበር። አባታቸው ሲሞት ማካፈሉ እንደ ወጉ ለታላቁ ለሁመዳ ደረሰ፤ እርሱም አርባ ቀን ብቻውን አገሩን ሲዞር ቆይቶ ተመለሰና ድንበሩን በድንጋይ ክምር አመለከተ። ትንሹ ገአስ አቀርቅሮ ሲያዳምጥ የወንድሙ ጫማ ዙሪያውን እንደ ቅጥራን ጠቁሮ አየ። ምን እንደ ረገጠ ሊጠይቀው ከጀለ፤ ዳሩ ግን የታላቅን እግር አተኩሮ ማየት ነውር ነበርና ዓይኑን ሰበር አደረገ። የደረሰው ምድር ሣሩ ረጅም ስለነበረም የሁመዳን እጅ ስሞ ሄደ።

በሁለተኛው ዓመት የግመል እከክ ገባ። ሁመዳ በድርሻው ውስጥ ከድንጋይ ስንጥቅ የሚፈልቀውን ጥቁር ዘይት እየቀባ ግመሎቹን አዳነ። ይህን የሰማው ገአስ ገሥግሦ ደረሰ።

«ታላቄ፣ ግመሎቼ ቆዳቸው ተልጦ እያለቁ ነው፤ ከዘይቱ ስጠኝ።»

«አንተ ሣር አለህ።»

«ሣሩን ማን ሊበላው? ስታካፍለን ዘይቱን ታውቅ ነበር?»

«ፈጣሪ ያደለኝ ነው። ለአንድ ቅል አንድ ግመል አምጣ።»

ፈጣሪ ዘይቱን ሲቀብር ድንበር አልነበረም፤ ክምሩን በየስንጥቁ ዙሪያ ያጠማዘዘው ሁመዳ ነው። ገአስ ወደ ያሲን ሄዶ ፍርድ ቢለምን፣ ያሲንም አንዲት የዘይት ምንጭ ደርሳው ኖሮ «ሁለታችሁም ወንድሞቼ ናችሁ» ብሎ ሸኘው ይባላል። ገአስ ግማሹን መንጋ ለማዳን ግማሹን ለሁመዳ ነዳ።

ሊሞት ሲል ልጆቹን ሰብስቦ፣ «ታላቅን አክብሩ፤ ሲያካፍል ግን እግሩን እዩ» አላቸው።

ዛሬ ከድንበሩ ማዶ፣ በሁመዳ ወገን፣ የዘይት ጉድጓዱ እሳት ቀን ከሌት ይነድዳል፤ ወዲህ የገአስ ዘሮች ጀሪካን ይዘው ለነዳጅ ይሰለፋሉ። ምሁራኑም የምድር ዕድል ነው ይሉናል። ጫማ የመገልበጡ ልማድ ግን ወደ ሌሎቹ ሁለት ወገኖች አልተሻገረም፤ እዚያ ጫማህን አውልቅ የተባለ አካፋይ እስከ ዛሬ የለም።